ማውሱ ነው ወይስ ማሽኑ? የአንድ አሮጌ ኮምፒውተር የጥገና ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

አክስቴ አነስተኛ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አላቸው። ማመልከቻ፣ ውል፣ አቤቱታ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም እዚያ ይተየባል። ሥራውን ሁሉ የተሸከመው አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ፔንቲየም 4፣ 512 ሜጋባይት ራም፣ 40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ። የተጫነበት ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። ይህም ደግ ነው፤ ለኤክስፒ የደህንነት ማሻሻያ መውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲደውሉልኝ ቆይተዋል። «ማውሱ ድርቅ እያለ አስቸገረን» ነው የሚሉት። ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ትላለች። አምስት፣ አንዳንዴም አስር ሰከንድ ትቆያለች። ከዚያ ዘልላ ሌላ ቦታ ትገኛለች። ሦስት ማውስ ገዝተው ቀይረዋል። በሦስቱም ያው ነው።

አንድ የሰፈር ጠጋኝ አይቶት ነበር። «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» ብሎ ሄዷል። አክስቴ እንቢ ብለው እኔን ጠበቁ። ደግ አደረጉ። እዚህ ቤት ፎርማት ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም። የሚጽፉት በፓወር ግዕዝ ነው፤ የተጫነበት ሲዲ ከጠፋ ቆይቷል። ከዚያም በላይ የዓመታት ሰነዶች አሉ፤ የተጻፉትም ከዩኒኮድ ውጭ በሆኑ የቆዩ ፎንቶች ነው። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በቆዩት ፎንቶች ግን «ሀ» በእውነት «ሀ» አይደለችም። ለላቲን ፊደልና ምልክት በተመደበ ቁጥር ላይ የተሳለች የአማርኛ ቅርጽ ናት። ፎንቱ ከሌለ ሰነዱ ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ምክንያቱን ሳላውቅ ዲስኩን አልነካም ብዬ ተነሣሁ።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ጠረጴዛው ላይ ነው። እንደ ብዙ ጽሕፈት ቤት መስታወት ተነጥፎበታል። ከሥሩ የዋጋ ዝርዝርና የጉርድ ፎቶ ናሙና አለ። ማውሱ ኦፕቲካል ነው፤ ከሥሩ ያለውን ገጽ በብርሃን እየቃኘ ነው እንቅስቃሴውን የሚያውቀው። ጥርት ያለ መስታወት ብርሃኑን አሳልፎ ስለሚሰድድ የሚቃኘው ነገር ያጣል። ከማውሱ ሥር ነጭ ወረቀት አነጠፍኩ። ቀስቷ ለስለስ ብላ መሄድ ጀመረች። መንቀጥቀጧ ጠፋ።

መድረቁ ግን አልጠፋም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፊቴ ላይ ቀጥ አለች።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ የቆመው ማውሱ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ? ሰው የሚያየው ቀስቷን ስለሆነ ጥፋቱን ማውሱ ላይ ይጥላል። ለማጣራት ኤክስፒ ራሱ ጥሩ መሣሪያ አለው። ታች ጥግ ያለውን ሰዓት ሁለቴ ጠቅ ስታደርጉት ባለ ሰከንድ ቆጣሪ የግድግዳ ሰዓት የሚመስል መስኮት ይከፈታል። እሱን ስክሪኑ ዳር ላይ ትቼ ሥራ ጀመርኩ። ቀስቷ ስትቆም የሰከንድ ቆጣሪውም ቆመ። ካፕስ ሎክን ተጫንኩ፤ መብራቱ የበራው ቀስቷ ከነቃች በኋላ ነው።

ደግሜ አየሁት። ሁለቱ አብረው ይቆማሉ፣ አብረው ይነቃሉ።

ለማረጋገጥ ሶኬቱንም ቀየርኩ። የሚሠሩበት ማውስ ከጀርባ ባለው አረንጓዴ ክብ ሶኬት፣ ማለትም በፒኤስ ቱ የሚሰካ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ነቀልኩትና የዩኤስቢ ማውስ ሰካሁ። እዚህ ላይ አደራ ልበል። የፒኤስ ቱ ሶኬት ማሽኑ በርቶ ሳለ እንዲነቀልና እንዲሰካ ተብሎ አልተሠራም። ሶኬቱን የሚያበላሽበት ጊዜም አለ። አጥፍታችሁ ንቀሉ። በዩኤስቢም ያው ደረቀ።

«እትዬ፣ ማውሱ ጤነኛ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ የታመመው ማነው?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። አንድ ወረቀት አሰመርኩና ለታይፒስቷ ሰጠኋት። በደረቀ ቁጥር ሁለት ነገር ብቻ እንድትጽፍ ለመንኳት። ስንት ሰዓት ነበር? ምን እያደረግሽ ነበር? ወረቀቱን ከኪቦርዱ ሥር አስቀመጠችው።

ማክሰኞ ማታ

ወረቀቱን አየሁት። ይህች ልጅ እንዴት ጥንቁቅ ናት! 14 መስመር ሞልታለች። ሰነድ ስታስቀምጥ፣ ሰነድ ስትከፍት፣ ፕሪንት ስታዝ፣ ከፍላሽ ስትገለብጥ። 14ቱም ከእነዚህ አንዱ ናቸው። ዝም ብላ ስትተይብ የደረቀበት አንድም ጊዜ የለም።

ፕሪንቱ ለአፍታ ግር አለኝ። ግን ኤክስፒ የሚታተመውን ነገር ለፕሪንተሩ ከመስጠቱ በፊት ዲስክ ላይ ይጽፈዋል። ስለዚህ ፕሪንትም የዲስክ ሥራ ነው። ሁሉም መንገድ ወደ ሃርድ ዲስኩ ያመራል።

ቁጭ ብዬ የሳጥኑን መብራት ተመለከትኩ። ሲፒዩ ብለን የምንጠራው ሳጥን ፊት ለፊት ያለችውን ትንሿን ቀይ መብራት። ሰነድ ሲከፈት ቦግ ትልና ሳትርገበገብ ትቀራለች። ቀስቷም ያኔ ትደርቃለች። መብራቷ መርገብገብ ስትጀምር ቀስቷም ትነቃለች።

ሦስት ማውስ የተገዛው በዲስክ ምክንያት ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያሳዝነኛል። ገንዘቡ ትንሽ ይመስላል፤ ለአንድ ኮፒ ቤት ግን የስንት ገጽ ዋጋ ነው።

ረቡዕ ማታ

ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ሄድኩ። ለኤክስፒ የሚሆን የቆየ ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር በፍላሽ ይዤ ነበር። ይህ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩ ጊዜውን በምን እንደሚያጠፋ ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ ውስጥ «ኢንተራፕትስ» የሚል መስመር አለ። የማሽኑ ክፍሎች ፕሮሰሰሩን እየጠሩ ምን ያህል እንደሚያስቸግሩት የሚያሳይ ነው። ጤነኛ ማሽን ላይ ከጥቂት ፐርሰንት አይበልጥም። አንድ ፎልደር ከቦታ ወደ ቦታ መገልበጥ ጀመርኩ። መስመሩ ከ80 ፐርሰንት በላይ ወጣ።

ያኔ የት እንደምሄድ ገባኝ። የማሽኑን ክፍሎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማናጀርን ከፈትኩ። የአይዲኢ፣ ማለትም ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር፣ ዝርዝር ውስጥ ገብቼ «ፕራይመሪ አይዲኢ ቻናል» የሚለውን፣ ከዚያ «አድቫንስድ ሴቲንግስ»ን ጠቅ አደረግሁ። ከላይ «ዲኤምኤ ካለ ተጠቀም» ተብሏል። ከታች ደግሞ አሁን እየሠራ ያለው «ፒአይኦ» ይላል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። መርካቶ አንድ ጅምላ ነጋዴ አስቡ። ዕቃ የጫነ መኪና ሲመጣ ወዛደሮቹ ያወርዳሉ፤ እሱ ባንኮኒው ላይ ቆሞ ደንበኛ ያስተናግዳል። ዲኤምኤ እንዲህ ነው። ዕቃው ከዲስክ ወደ ራም የሚሄደው ፕሮሰሰሩ ሳይሸከመው ነው። ፒአይኦ ደግሞ ወዛደር የሌለበት ቀን ነው። ነጋዴው ራሱ እያንዳንዱን ጆንያ ይሸከማል። ደንበኛው ባንኮኒው ፊት ቆሞ ይጠብቃል። ማውሱ ያ ደንበኛ ነው። በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፕሮሰሰሩን «ቦታዬን መዝግብልኝ» ይለዋል። ፕሮሰሰሩ ግን ጆንያ ጀርባው ላይ ነው።

የፍጥነቱም ልዩነት ቀላል አይደለም። የዚህ ዲስክ ትክክለኛ ደረጃ አልትራ ዲኤምኤ 5 ነው፤ ጣሪያው በሰከንድ 100 ሜጋባይት ነው። የፒአይኦ ከፍተኛው ደረጃ ጣሪያ 16.7 ነው። በተግባር ሁለቱም ከዚያ በጣም ያንሳሉ።

ወደዚህ የሚወርደው እንዴት ነው? ኤክስፒ ከዲስኩ ጋር ሲነጋገር ስህተት ይቆጥራል። ከ6 በላይ ሲጠራቀም ደረጃውን አንድ ዝቅ ያደርጋል። ቀስ ብሎ መሄድ ከመሳሳት ይሻላል በሚል ነው። ስህተቱ ከቀጠለ እንደገና ዝቅ ያደርጋል። መጨረሻው ፒአይኦ ነው። በራሱ ደግሞ ተመልሶ አይወጣም።

ምንም ከመንካቴ በፊት የአክስቴን ሰነዶች በሙሉ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። ፎንቶቹንም ጭምር። 3 ጊጋባይት የማይሞላ ነው፤ 55 ደቂቃ ፈጀ። ቀስቷ እየደረቀች፣ እኔም ሻይ እየጠጣሁ ጨረስነው። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። የሰው ውልና የመመረቂያ ጽሑፍ ነው።

ከዚያ «ፕራይመሪ አይዲኢ ቻናል»ን አንኢንስቶል አድርጌ ማሽኑን ሪስታርት አደረግሁ። ኤክስፒ ቻናሉን እንደ አዲስ አገኘውና አንድ ጊዜ እንደገና ሪስታርት ጠየቀ። ገብቼ ሳይ «አልትራ ዲኤምኤ 5» ይላል። እነዚያኑ ሰነዶች እንደገና ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ፤ 11 ደቂቃ። ኢንተራፕትስ ወደ ታች ወረደ። ቀስቷ አንዴም አልቆመችም።

ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዓርብ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

አክስቴ ደወሉ። «ልጄ፣ ተመለሰ» አሉ።

ሐሙስ ሙሉ ቀን ሰላም ነበር። ዓርብ ጠዋት ቆም ቆም ማለት ጀመረ። ከሰዓት እንደ ድሮው ሆነ።

መንገድ ላይ ሳስበው ጥፋቱ ግልጽ ነው። ኤክስፒ ዝም ብሎ አልወረደም። ስህተት ቆጥሮ ነው የወረደው። እኔ ቆጣሪውን ዜሮ አደረግሁት እንጂ ስህተቱን የሚፈጥረውን ነገር አልነካሁትም።

ቅዳሜ፣ ሙሉ ቀን

ዛሬ የጀመርኩት ዲስኩን ራሱን በመጠየቅ ነው። ሃርድ ዲስክ የራሱን የጤና መዝገብ ይይዛል፤ ስማርት ይባላል። በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ፣ ለኤክስፒ በሚሆነው በቆየው ቨርዥን ከፈትኩት። ብዙ መስመር አለው፤ እኔን ያስጨነቁኝ ሦስት ናቸው። የተተኩ የተበላሹ ሴክተሮች (የዲስኩ ትናንሽ የዳታ ክፍልፋዮች)፣ ዜሮ። ለመተካት የሚጠባበቁ፣ ዜሮ። ሲ7 የሚለው መስመር ግን ዲ6 ይላል። ፕሮግራሙ በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በ16 በሚቆጥር አጻጻፍ፣ ስለሚያሳይ ነው፤ ወደ ተለመደው ቁጥር ሲመለስ 214 ነው።

ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቁጥሮች ቢጨምሩ ኖሮ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው ማለት ነበር። ሲ7 የሚቆጥረው ግን ሌላ ነገር ነው። ዳታው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲጓዝ ተበላሽቶ የደረሰበትን ጊዜ ነው። ዲስኩ ደህና ነው፤ መንገዱ ነው የተበላሸው። መንገዱ ደግሞ ኬብሉ ነው።

ግን 214 የድሮ ቁጥርም ሊሆን ይችላል። ይህ ቆጣሪ አንዴ ከወጣ አይወርድም። ጥያቄው አሁንም ይጨምራል ወይ ነው። ደግሞም በፒአይኦ መሞከር አይቻልም፤ ይህ ማጣሪያ የሚሠራው በአልትራ ዲኤምኤ ሲሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቻናሉን እንደ ረቡዕ ዕለት አንኢንስቶል አድርጌ ወደ 5 መለስኩት። 20 ደቂቃ ያህል ከፎልደር ፎልደር ገለበጥኩ። ተመልሼ አየሁ። ዲኢ ይላል። 222። በ20 ደቂቃ 8 ስህተት ተጨምሯል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥም ደረጃው ወደ 4 ወርዷል።

በዓይኔ አየሁት። እንደዚህ የሚያረካኝ ነገር ጥቂት ነው። የኤክስፒና የዲስኩ ሁለት የተለያዩ ቆጣሪዎች አንድ ታሪክ ነገሩኝ።

ማሽኑን አጠፋሁ፣ ከዲቫይደሩ ነቀልኩ፣ የሳጥኑን ብረት ነካሁ፣ ከፈትኩ። አቧራው በጣም ብዙ ነው፤ በቀለም ብሩሽ አውጥቼ ጠረግሁት። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ካፓሲተሮች አንድ በአንድ አየሁ። አናቱ ያበጠ የለም። ሲበራ የፓወር ሰፕላዩን ቀይ ሽቦ በመልቲሜትር ለካሁ፤ 5.04 ቮልት። ከ4.75 እስከ 5.25 ድረስ ደህና ነው።

እንደገና አጥፍቼ ኬብሉን አወጣሁት። ሰፊው፣ ጠፍጣፋው ግራጫ ኬብል። አንድ ሰው ቦታ እንዳይዝ ብሎ አጥፎ አጥፎ በላስቲክ አስሮታል። መታጠፊያው ደግሞ በሲዲ ማጫወቻው ብረት ሥር ተጨፍልቋል። ዳሩ ላይ ፕላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ይታያል። ማሽኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያ መዳብ ብረቱን ይነካል።

አክስቴን ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ይቺ ናት?» አሉ። «ይቺ ናት እትዬ።» ዝም ብለው ሦስቱን ማውሶች አዩ።

ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት

መርካቶ፣ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች የሚፈታ ሰው ጋ ሄድኩ። የአይዲኢ ኬብል አሁን አዲስ የሚሸጥ ሱቅ ለማግኘት ይከብዳል። እሱ ግን በካርቶን ሙሉ አለው። አንድ አንሥቶ ሰጠኝ። አየሁትና መለስኩለት፤ ባለ 40 ሽቦ ነው።

ይህን ልብ በሉ። ሁለቱም ዓይነት ጫፋቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ይሰካሉ። ባለ 40ው ሽቦዎቹ ወፈር ያሉ ናቸው፤ በዓይን ይቆጠራሉ። ባለ 80ው ቀጫጭን ናቸው። የተጨመሩት 40 ሽቦዎች ዳታ አይሸከሙም። በየዳታው ሽቦ መካከል እየገቡ አንዱ ሌላውን እንዳይረብሽ የሚከላከሉ የግራውንድ ሽቦዎች ናቸው። በባለ 40ው ከአልትራ ዲኤምኤ 2 በላይ መሄድ አይቻልም። የባለ 80ው አንድ ጫፍ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ነው፤ እሱ ወደ ማዘርቦርዱ ይገባል። ሌላው ዳር ያለው ጥቁሩ ወደ ዋናው ዲስክ፣ መሐል ያለው ግራጫው ደግሞ ወደ ሁለተኛው።

ከካርቶኑ ሥር ሁለት ባለ 80 አገኘን። ያልታጠፈውን መረጥኩ። ሰውየው «ለማሽን ከሆነ ውሰደው» አለኝና ዋጋ ሳይጠይቀኝ ቀረ። ጥቂት ብር ግድ ብዬ ሰጠሁት።

ሰኞ ማታ

ኬብሉን ሰካሁት። ሳላጥፍ፣ ሳላስር፣ ሰፋ አድርጌ በሳጥኑ ጎን አሳለፍኩት። የሰዓቷንም ባትሪ በዚያው ቀየርኩ፤ ክቧ፣ ባለ 3 ቮልቷ ናት። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለስባቸው ነበር፤ ደብዳቤ ላይ የተሳሳተ ቀን የሚወጣው ከዚያ ነው።

ቻናሉን ለመጨረሻ ጊዜ አንኢንስቶል፣ ሪስታርት፣ እንደገና ሪስታርት። አልትራ ዲኤምኤ 5። ያንን የ20 ደቂቃ ግልበጣ ደገምኩት። ሲ7ን አየሁት። ዲኢ። አንድም አልጨመረም። ደግሜ 40 ደቂቃ አስሄድኩት። ዲኢ።

የግድግዳ ሰዓት የሚመስለውን መስኮት ከፍቼ ስክሪኑ ዳር ላይ ተውኩት። ፎልደሩ እየተገለበጠ ሰከንድ ቆጣሪዋ ቀጥ ሳትል ትዞራለች። ቀስቷን ከጥግ እስከ ጥግ ነዳኋት። ትሄዳለች።

ቅዳሜ

ሳምንት ሙሉ ወረቀቷ ባዶ ናት። ታይፒስቷ ከላይ ቀኖቹን ብቻ ጽፋባቸዋለች። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ከጎናቸው ምንም የለም። ሐሙስ ዕለት 90 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ አንድ ላይ ፕሪንት አድርጋለች። ያም ቀን ባዶ ነው።

ሲ7ን ከፈትኩ። አሁንም ዲኢ ነው።

ሰነዶቹ አሁን በሁለት ፍላሽ ላይ አሉ። አንዱ አክስቴ ቤት ነው፣ አንዱ እኔ ጋ። ዲስኩ ዛሬ ደህና ቢሆንም የዕድሜውን ያህል ሠርቷል። ቀጥዬ የማደርገው የቆዩትን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። በመመረቂያ ጽሑፎቹ ሳይሆን በውሎቹ እጀምራለሁ። ሰው ከስንት ዓመት በኋላም ተመልሶ የሚጠይቀው እነሱን ነው።

የተረፉትን ሁለት ማውሶች አክስቴ በላስቲክ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጧቸው። አሮጌውን ኬብል ግን እንዳልጥለው ለመኑኝ። «ያ ጠጋኝ ሲመጣ ላሳየው» አሉ። ከመሳቢያው አጠገብ ባለች ሚስማር ላይ ሰቀልኩላቸው።